ምስሉን ከመጭመቅህ በፊት ድምፁን መዝነው

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂው ወንድሙ ከአሜሪካ ያመጣለት የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ ዲስክ ተጫጭሮ ከጥቅም ውጪ ሳይሆን መጠባበቂያ ቅጂ ሊያስቀር ፈልጓል። ዲስኩ ባለ ሁለት ንብርብር ነው፤ ይዘቱ 5.6 ቢሊዮን ባይት ሲሆን በእጁ ያለው ባዶ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ቢሊዮን ብቻ ነው። «ጋሼ፣ በጨዋታው መሃል የሚታዩትን ፊልሞች በሙሉ በአንድ የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም አሳነስኳቸውና ዲስኩ ላይ ገቡ። ጨዋታው ሲከፈት ግን ምስሉ ይቸኩላል፤ ንግግሩ ሳያልቅ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ምስሉም ጭቃ መስሏል» ይላል። የዲስኩን የፋይል ዝርዝር፣ አንዲት የ90 ሰከንድ ፊልምና እሷኑ ከቀየራት በኋላ ልኮልኛል።

ወንድሜ፣ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። ዋናዋ በሰከንድ 29.97 ምስል ታሳያለች፤ የአሜሪካ ዲስክ ናትና። ያንተዋ 25 ሆናለች። ፕሮግራምህ ለእኛ አገር ቴሌቪዥን በሚስማማው በፓል ተስተካክሎ ስለነበር ሳይጠይቅህ ቀይሮታል። ጨዋታው ግን የሚያጫውተው በለመደው ፍጥነት ነው፤ የአንድ ደቂቃው ምስል በ50 ሰከንድ ያልቅና ድምፁ ብቻውን ይቀራል። ቁመቱም ከ448 ወደ 576 ተለጥጧል። ስፋት፣ ቁመት፣ የምስል ፍጥነትና የኤምፔግ 2 (የምስሉ መጭመቂያ) ዓይነቱ ከዋናው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ኮምፒውተር የፈለግኸውን ያጫውትልሃል፤ ይህ ማሽን ግን የሚጠብቀውን ካላገኘ እንዳየኸው ስክሪኑን አጥቁሮ ይቆማል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ማስወገድ ያለብህ 900 ሚሊዮን ባይት ነው። አንተ ሁሉንም ከፊልሞቹ ምስል ላይ ቆረጥከው፤ ያውም ከሚያስፈልገው በላይ። እኔ ምስልን የምነካው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን የ300 ሚሊዮን ባይት ፋይል ተመልከት። ስሙ ምንም አይናገርም፤ የሚጠራውም ያለ አይመስልም። ወደ ኮምፒውተርህ ገልብጠህ ዚፕ አድርገው። ከአንድ ሚሊዮን ባይት በታች ከወረደ ውስጡ ዜሮ ብቻ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ጨዋታ ሠሪዎች እንዲህ ያለ ባዶ ፋይል የሚያስቀምጡት ሌላውን ይዘት ወደ ዲስኩ ውጫዊ ጠርዝ ለመግፋት ነው፤ ጠርዙ ላይ ንባቡ ይፈጥናልና። ፋይሉን ፈጽመህ አታጥፋው፤ በዚያው ስም አንዲት ትንሽ ፋይል ተካበት። ጨዋታው ፈልጎ ቢያጣው ሊቆም ይችላል። ምናልባት ደረጃ ሲከፈት ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለህ፤ በዚህ አትከፋ።

ቀጥሎ ድምፅ። ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ከላክህልኝ ፊልም ድምፁን ብቻ ለይቼ አወጣሁት፦ 17,280,000 ባይት። ለ90 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 192,000 ይደርሳል። ይህ ቁጥር ለእኔ ስም ነው፤ ምንም ያልተጨመቀ ባለ ሁለት ቻናል ድምፅ በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲወሰድለት ልክ ይህን ያህል ይመዝናል። የፕሌይስቴሽን የድምፅ ቺፕ ግን ከመጀመሪያው ማሽን ጀምሮ የሚያውቀው ኤዲፒሲኤም የሚባል የራሱ መጭመቂያ አለው። 28 ናሙናዎችን፣ ማለትም 56 ባይት፣ በ16 ባይት ያስቀምጣል። 192,000 የነበረው ወደ 55,000 ገደማ ይወርዳል። ፊልሞችህ በድምሩ 42 ደቂቃ ናቸው፤ ሁሉም እንደዚች ከሆኑ ከድምፁ ብቻ 345 ሚሊዮን ባይት ታተርፋለህ። በቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ ልዩነቱን የሚለይ ጆሮ ካለህ ደግሞ ሙያህን ቀይር። አንዳንድ ጨዋታ ያልተጨመቀውን ብቻ ስለሚቀበል አንዷን ፊልም አስቀድመህ ሞክር።

የቀረህ 255 ሚሊዮን ነው። የምስሉ መጠን አሁን በሰከንድ 5.1 ሜጋቢት አካባቢ ነው፤ ወደ 4.2 ብታወርደው ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፍሃል። አንተ 1.5 ላይ አድርሰኸዋል፤ ጭቃው ከዚያ መጣ። ሠርግ በማቀናብርበት ዘመን የአራት ሰዓት ድግስ በአንድ ዲቪዲ ይግባልኝ የሚል ደንበኛ አይጠፋም ነበር። ለሰከንድ 2.6 ሜጋቢት ብቻ ይደርስና የሙሽራዋ ቬሎ ላይ ያለው ጥልፍ ሁሉ ነጭ እድፍ ይሆናል። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ሁለት ዙር የሚያልፈውን አሠራር ምረጥ፤ የመጀመሪያው ዙር የትኛው ትዕይንት ብዙ እንደሚፈልግ ይመዝናል፣ ሁለተኛው ያከፋፍላል። ጣሪያውን ከዋናው አታስበልጥ። ከዚያ ምስሉንና ድምፁን ለፒኤስኤስ (የፕሌይስቴሽን 2 ፊልም) ፋይል በተሠራ ማዋሃጃ መልሰህ አጣምር፤ ተራ የቪዲዮ ፕሮግራም ይህን አይችልም።

ፋይሎችህ በየስማቸው ተዘርዝረው በመታየታቸው ዕድለኛ ነህ። ጨዋታው በስም የሚፈልጋቸው ከሆነ መጠናቸው ቢቀንስ ችግር የለውም። ሁሉም ነገር በአንድ ግዙፍ ፋይል ታጭቆ ቢሆን ኖሮ ግን እያንዳንዱ ነገር የሚገኘው በ2,048 ባይት ክፋይ በሚቆጠር አድራሻ ነው፤ አንዱን ስታሳጥር የኋላው ሁሉ ይንሸራተታል። እንዲህ ያለውን ሥራ ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴ ትቼዋለሁ።

የዲስኩን ምስል ፋይል፣ ማለትም መላውን ዲስክ በአንድ ፋይል የሚይዘውን ቅጂ፣ ስትሠራ የፋይሎቹን ቅደም ተከተል እንደ ዋናው ጠብቅ። ኮምፒውተርህ 4.7 የተባለውን ዲስክ 4.38 ብሎ ቢያሳይህ የተታለልክ አይደለም፤ ፋብሪካው አንድ ጊጋባይትን አንድ ቢሊዮን ባይት ሲል ኮምፒውተሩ 1,073,741,824 ይለዋል። አንተ በባይት ቁጠር፤ ዲቪዲ ማይነስ አር 4,707,319,808 ባይት ይይዛል፣ ፕላስ አር ትንሽ ያንሳል። ላረጀ ሌንስ እኔ ማይነሱን እመርጣለሁ፤ በ4 እጥፍ ፍጥነት ጻፈው፣ ከዚያ አታፍጥን።

ከመጻፍህ በፊት ግን የዲስኩን ምስል ፋይል ኮምፒውተር ላይ ፕሌይስቴሽን 2ን በሚያስመስለው ፕሮግራም በፒሲኤስኤክስ 2 ክፈተው። የመጀመሪያዋ ፊልም ንግግሩና ምስሉ እኩል ካለቁ ሌሎቹን ቀጥል። እኩል ካላለቁ ለይተህ ያወጣኸውን ድምፅ ብዛት በባይትና የፊልሟን ርዝመት በሰከንድ ጽፈህ ላክልኝ፤ ባዶ ዲስክ አታበላሽ።