የሳቁ ቦታ፦ ስለ ቀድሞ ጥንድ ኮሜዲያን ፊልሞች ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም ስለ ድሮ የስላፕስቲክ (በመውደቅና በመጋጨት የሚያስቅ) ኮሜዲ ፊልሞች አጭር ጽሑፍ ካወጣን በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ ስለ ጥንዶቹ ኮሜዲያን ሎሬልና ሃርዲ ማውራት ሲጀምሩ ገና ታሪኩን ሳይጨርሱ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ግን ሰሞኑን ሁለት ሦስት ፊልሞቻቸውን ኮምፒውተሬ ላይ ብቻዬን ሆኜ አየሁና አንዴ እንኳ ጥርሴ አልተገለጠም። አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ካሜራውን ትክ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ ይከተላል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የፊልሞቹ?

መልስ፦ መልሱን ራስዎ ጥያቄዎ ውስጥ አስቀምጠውታል፤ «ብቻዬን ሆኜ» ብለዋልና። እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ሰው ጢም ብሎ ለሞላበት አዳራሽ ነው። ስታን ሎሬል ስሙ በፊልሙ መግቢያ ላይ በደራሲነት ባይጻፍም በቀልዶቹ ድርሰትም ሆነ በፊልሙ ቅንብር ላይ ትልቅ እጅ ነበረው፤ ፊልሙ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊትም ለሙከራ ተመልካች ይቀርብና ሳቁ የት ላይ እንደሚነሣና ምን ያህል እንደሚቆይ ከታየ በኋላ ቅንብሩ እንደገና ይስተካከል ነበር። ሳቁ በሚረዝምበት ቦታ ቀጥሎ ያለው ንግግር እንዳይዋጥ ዝምታው እንዲረዝም ይደረጋል። እርስዎን ያሰለቸዎት ዝምታ እንግዲህ ለብዙ መቶ ሰዎች ሳቅ የተተወ ቦታ ነው፤ ባለቤቶቹ ስላልመጡ ባዶ መስሎ ታየዎት።

ኦሊቨር ሃርዲ ካሜራውን ትክ ብሎ ማየቱም የሚታየው ከዚሁ አንጻር ነው። ሃርዲ ጭቃ ውስጥ ከገባ ወይም ጡብ አናቱ ላይ ከወረደበት በኋላ አይጮኽም፤ ለመነሣትም አይቸኩልም። ቀስ ብሎ ቀና ይልና በቀጥታ ወደ እኛ ይመለከታል፤ ከዚህ ከሎሬል ጋር ምን እንደሚያሳልፍ እንድንመሰክርለት የሚጠይቅ ይመስላል። በዚያች ቅጽበት ተመልካቹ ሦስተኛ ተዋናይ ይሆናል። አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ምስክር ሲሆን የሚፈጠረው ነገርና አንድ ሰው ብቻውን በኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚሰማው ነገር ፈጽሞ አይገናኙም።

ከዚህም በላይ ዝግታው በዘመኑ እንደ አዲስ ግኝት የሚቆጠር ነበር። ከዚያ በፊት በ1910ዎቹ የማክ ሴኔት ስቱዲዮ ያወጣቸው ኮሜዲዎች ሩጫ፣ ማሳደድና መጋጨት የሞላባቸው ስለነበሩ አንዱ ቀልድ ሳይብላላ ሌላው ይደርስበታል። ሎሬልና ሃርዲ ግን፣ በተለይ በሃል ሮች ስቱዲዮ ከፊልም ሠሪው ሊዮ ማኬሪ ጋር በሠሩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ጊዜውን ለጠጡት። በ1929 የወጣው «ቢግ ቢዝነስ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሁለቱ በካሊፎርኒያ ፀሐይ የገና ዛፍ በመኪና ጭነው ቤት ለቤት ሲሸጡ ከአንድ የቤት ባለቤት ጋር ይጣላሉ፤ እነርሱ ቤቱን ያፈርሱበታል፣ እርሱም መኪናቸውን ይበታትነዋል። ይሁን እንጂ አንዱ ሲያፈርስ ሌላው አይከለክለውም፤ ቆሞ ያያል፣ ጉዳቱን ይመረምራል፣ ከዚያ የራሱን ተራ ይወስዳል። ፖሊሱ እንኳ ወዲያው ጣልቃ ከመግባት ይልቅ ማስታወሻ ይይዛል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ከውድመቱ ይልቅ ይህ ጨዋነት ነው፤ ጠብ ላይ ያሉ ሰዎች እንዲህ ተራ ሲጠባበቁ የት ይታያል?

ስለዚህ ለአንድ ምሽት አራት አምስት ሰው ሰብስቡና በ1932 የተሠራውን «ዘ ሚውዚክ ቦክስ» አብራችሁ እዩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ለአጫጭር ኮሜዲ ፊልሞች የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። ሁለቱ በሎስ አንጀለስ አንድ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ላይ ፒያኖ ሲያወጡ፣ ፒያኖው ሲያመልጣቸው፣ እንደገና ሲያወጡት ያሳያል። በስንት መከራ ደረጃው ጫፍ ላይ ከደረሱ በኋላ ፖስተኛው መጥቶ እስከ ቤቱ ድረስ የመኪና መንገድ እንዳለ ይነግራቸዋል። ያን ጊዜ የሚያደርጉትን አልነግርዎትም፤ ነገር ግን ማንኛውም አስተዋይ ሰው የማያደርገው ነው። ከቻሉ አባትዎንም ይጋብዙ።

ጥያቄ፦ ከጥንዱ ውስጥ አንደኛው ሁልጊዜ ቁም ነገረኛ ሆኖ ይታያል፤ የሚያስቀው ሌላኛው ነው። ታዲያ ይህ የማያስቀው ሰው ለምን ያስፈልጋል? ደመወዙስ እኩል ነበር?

መልስ፦ እኩል አልነበረም፤ የማያስቀው ሰው ይበልጥ የሚከፈልበት ጊዜ ነበር። በአሜሪካ የበርሌስክ (ቀልድና ጭፈራ የሚቀርብበት) መድረክ ከገቢው 60 በመቶውን ለዚህ ሰው፣ 40 በመቶውን ለቀልደኛው መስጠት የተለመደ ነበር፤ አቀባዩ ባድ አቦትና ቀልደኛው ሉ ኮስቴሎም ሲጀምሩ የተካፈሉት በዚሁ ስሌት ነው። ኮስቴሎ የፊልም ኮከብ ከሆነ በኋላ ክፍያው ተገላብጦ 60 በመቶው የእርሱ ሆነ። በእኔ አስተያየት የመድረኩ ሰዎች ከሆሊውድ የተሻለ ያውቁ ነበር።

ምክንያቱም ቀልደኛ ማግኘት አስቸጋሪ ባይሆንም ጥሩ አቀባይ ማግኘት ግን ብርቅ ነው። (አቀባይ የምለው ይህንኑ የማያስቀውን፣ ቀልዱን ተሸክሞ የሚያደርሰውንና ለባልደረባው የሚያቀብለውን ሰው ነው።) ቀልደኛው ከመስመር ሲወጣ የሚመልሰው፣ ሳቁ ሲጋጋል የሚጠብቀው፣ መቀዝቀዝ ሲጀምር ደግሞ ቀጣዩን ጥያቄ የሚወረውረው እርሱ ነው። ከሁሉ በላይ ተመልካቹ የነገሩን ሥርዓት የሚያውቀው በአቀባዩ በኩል ነው፤ ሥርዓት ከሌለ የሚፈርስ ነገር የለም።

አቦትና ኮስቴሎ በ1938 በሬዲዮ ያቀረቡትንና በኋላ በ1945 በፊልም ሙሉውን የተጫወቱትን የቤዝቦል ጨዋታ እንውሰድ። ስለ ተጫዋቾች ስም ነው፤ የመጀመሪያውን መደብ (በሜዳው ላይ ሯጩ የሚደርስበትን ቦታ) የሚጠብቀው ተጫዋች ስሙ «ማን»፣ ሁለተኛው «ምን»፣ ሦስተኛው «አላውቅም» ይባላል። አንድ ሰው «የመጀመሪያው ላይ ያለው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አዎ» ነው። ደስ የሚለው ነገር ይህ ቀልድ በአማርኛም ሳይበላሽ መሥራቱ ነው። በዚህ ጨዋታ አቦት አንድም ጊዜ አይዋሽም፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል፣ ኮስቴሎም የሚያብደው በዚሁ ትክክለኛነት ነው። አቦት እንደሚቀልድ በፊቱ ቢያስታውቅ ኖሮ፣ በከንፈሩ ጫፍ እንኳ ፈገግ ቢል፣ ነገሩ ሁሉ ይፈርስ ነበር።

ሎሬልና ሃርዲን በዚህ መለኪያ ማየት ግን ያስቸግራል። ሃርዲ አቀባይ ይመስላል፤ ያዝዛል፣ ይቆጣል፣ ክራቫቱን በጣቶቹ ያርገበግባል። ይሁንና እርሱም እንደ ባልደረባው ሞኝ ነው፤ ልዩነታቸው ሃርዲ ይህን አለማወቁ ነው። እኔ ከሌሎቹ ጥንዶች የማስበልጣቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ጽሑፋችሁ ሎሬልና ሃርዲ ከቮድቪል መድረክ የመጡ ጥንድ እንደሆኑ የሚያስመስል ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እርማቱን በምስጋና እንቀበላለን። ቮድቪል ማለት ዘፋኙ፣ አክሮባቱ፣ ምትሃተኛው፣ የሠለጠነ እንስሳ የሚያሳየውና ኮሜዲያኑ በአንድ ምሽት ተራ በተራ የሚቀርቡበት የአሜሪካ መድረክ ነው። ሎሬል በ1890 እንግሊዝ ውስጥ ተወልዶ ያደገው የአገሩ ቮድቪል በሆነው የሙዚክ ሆል መድረክ ነው፤ ወደ አሜሪካ የሄደውም በ1910 ከፍሬድ ካርኖ የኮሜዲ ቡድን ጋር ሲሆን፣ የቡድኑ ኮከብ ቻርሊ ቻፕሊን ነበር። ሃርዲ የጆርጂያ ሰው ነው፤ በሲኒማ ቤት ውስጥ ሠርቷል፣ ዘፍኗል፣ በ1914 ፍሎሪዳ ውስጥ ፊልም ጀምሯል። በጥንድነት ያጣመራቸው የሃል ሮች ስቱዲዮ ሲሆን ጊዜውም 1927 ነው።

በመድረክ የተጣመሩት ሌሎች ናቸው። ጆ ዌበርና ሊው ፊልድስ በልጅነታቸው ኒው ዮርክ ውስጥ ጀምረው ለጥንድ ኮሜዲ መንገድ ከፍተዋል። ክላርክና ማከሎ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ክላርክ መነጽር በማድረግ ፈንታ ፊቱ ላይ በቀለም ይሥለው ነበር። ዊለርና ዉልሲ በ1927 በኒው ዮርክ የቲያትር ሠፈር በብሮድዌይ ተጣምረው በ1929 ያንኑ ሥራ በፊልም ደገሙት። ኦልሰንና ጆንሰን ደግሞ በ1938 የጀመሩት የብሮድዌይ ትርዒት 1,404 ጊዜ ታይቷል።

ብዙዎቹ በፊልም የመድረኩን ያህል አልሆነላቸውም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንድ ጥንድ በመድረክ ላይ 15 ደቂቃ የምትሆን ጨዋታ ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለዓመታት ሊኖርባት፣ በየምሽቱም ሊያሻሽላት ይችላል። ፊልም ግን ያችኑ ጨዋታ በአንድ ቀን ቀርጾ ለአገሩ ሁሉ ያሳያታል፤ በማግሥቱ አዲስ ነገር አምጡ ይላል። በዚያ ላይ በስቱዲዮ ውስጥ የሚስቅ ሰው የለም፤ በሳቅ የሚመራ ተዋናይ ሳቁ ሲጠፋበት ልክ መሪ እንደሌለው መኪና ነው።

ጥያቄ፦ በድሮ ድምፅ አልባ ፊልሞች ሰዎች ለምን እንዲያ እየተጣደፉ ይራመዳሉ?

መልስ፦ ካሜራው በእጅ የሚዞር ስለነበር ብዙ ጊዜ በሴኮንድ ከ16 እስከ 20 የሚደርሱ ምስሎች ይቀረጹ ነበር። ድምፅ ከመጣ በኋላ መደበኛው ፍጥነት 24 ሆነ፤ የቀድሞው ፊልም በዚህ ፍጥነት ሲታይ ሰው ሁሉ ይጣደፋል። ኮሜዲያኑም ግጭቱ እንዲፈጥን ሆን ብለው ካሜራውን ቀስ እያደረጉ የሚያዞሩበት ጊዜ ስለነበር፣ ጥድፊያው ሁሉ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ፍጥነቱ የተስተካከለ ቅጂ ካገኙ እርሱን ይምረጡ።