የችሎት ልምምድ፣ የቅጥር ጠረጴዛና አምሽታ የምትመጣ ልጅ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ19 ዓመት ልጄ ኮሌጅ ገብታ የወንጀል ፍትሕ ታጠናለች። «የግቢ ዝግጅት አለ» እያለች ብዙ ጊዜ አምሽታ ትመጣለች፤ አንድ ቀን የፖሊስ ቀጣሪዎች መጥተው ነበር ትላለች፣ ሌላ ቀን የችሎት ልምምድ። ይህ ትምህርት ነው ወይስ ጊዜ ማባከን? እሷ ያላት ግሪን ካርድ ነው፤ እኔ ግን ዜግነት ካገኘሁ አራት ዓመት ሆኖኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ በጨረፍታ ያነሡትን ጉዳይ እናስቀድም። ኤፍ.ቢ.አይ.ን የመሳሰሉ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዜጋ ያልሆነን ሰው ስለማይቀጥሩ፣ ልጅዎ ከቀጣሪ ፊት በቆመች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠየቀው ይህንኑ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የልጆች ዜግነት ሕግ እንደሚደነግገው፣ ወላጅ ዜግነት ሲያገኝ ልጁ 18 ዓመት ያልሞላው፣ ግሪን ካርድ ያለውና በዚያው ወላጅ አሳዳጊነት አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ከሆነ ያለ ማመልከቻ ዜጋ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጅዎ 15 ዓመት ገደማ ስለነበረች፣ ከእርስዎ ጋር ትኖር ከነበረ ዛሬ የቀራት ፓስፖርት ማውጣት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሰነዶቻችሁን ይዛችሁ አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ወደ ዝግጅቶቹ ስንመጣ፣ ሁሉም እኩል አይጠቅሙም። በእኛ አስተያየት ማምሸት የሚገባው ለችሎት ልምምዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው የአሜሪካ ሞክ ትራያል አሶሲዬሽን በሚያዘጋጀው ውድድር፣ በየኮሌጁ ያሉ ቡድኖች አንድ ዓይነት የፈጠራ መዝገብ ይዘው ይከራከራሉ፤ በእያንዳንዱ ዙር ከአንድ ወገን ሦስት ተማሪዎች ጠበቃ፣ ሦስቱ ደግሞ ምስክር ይሆናሉ፤ በአንዱ ዙር የከሰሰው ቡድን በሌላው ተከላካይ ሆኖ ይቀርባል። መስቀለኛ ጥያቄ የምታቀርብ ተማሪ ምስክሩ «አዎ» ወይም «አይደለም» ከማለት ሌላ መውጫ እንዳያገኝ እያንዳንዱን ጥያቄ አጥብባ መቅረጽ አለባት፤ ተቃራኒው ወገን «ይህ የስሚ ስሚ ነው» ብሎ ሲቃወም ደግሞ ለምን ተቀባይነት እንዳለው እዚያው በቆመችበት ማስረዳት ይጠበቅባታል። ወደፊት ፖሊስም ሆነች የፕሮቤሽን ኦፊሰር (ፍርድ ቤት በገደብ የለቀቃቸውን ሰዎች የምትከታተል ባለሙያ)፣ በቃለ መሐላ መመስከርና ለመስቀለኛ ጥያቄ መቅረብ አይቀርላትም፤ ይህን ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻ መልመድ አይቻልም።

የቅጥር ጠረጴዛዎቹን በግማሽ ሰዓት ማዳረስ ይቻላል። ብዙ ተማሪ እስክሪብቶና በራሪ ወረቀት ሰብስቦ ይመለሳል፤ ልጅዎ ግን የጀርባ ማጣሪያው ምን ምን እንደሚያካትት፣ የተማሪ ኢንተርንሺፕ መቼ እንደሚከፈትና ከፓትሮል መኪና ጋር አብሮ የመዞር ፕሮግራም እንዳላቸው ብትጠይቅ ይሻላል። ከፖሊሶቹ ጠረጴዛ ቀጥሎ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ወይም የወንጀል ተጎጂዎች ድጋፍ ሰጪዎች ካሉ አትለፋቸው፤ በዚህ ትምህርት የሚገኘው ሥራ መለዮ የሚለበስበት ብቻ አይደለም።

ሌሎቹ ዝግጅቶች እንደ ተናጋሪው ይለያያሉ። ሴፕቴምበር 17 የሚታሰበውን የሕገ መንግሥት ቀን፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ በትምህርታዊ ዝግጅት የማክበር ግዴታ አለበት፤ ለግዴታ ብቻ የተዘጋጀ ከሆነ ቢያመልጣትም አይቆጭም። በኤፕሪል የሚከበረው የወንጀል ተጎጂዎች መብት ሳምንት ግን ተጎጂዎች ራሳቸው የሚናገሩበት ከሆነ እንድትገኝ እንመክራለን።

ስለ ማምሸቷ ያለዎትም ሥጋት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የክሌሪ ሕግ መሠረት ኮሌጆች በግቢያቸው የተፈጸሙ ወንጀሎችን የሚያሳይ ሪፖርት በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ይፋ ማድረግ አለባቸው። ሪፖርቱን ከልጅዎ ጋር ሆነው ይመልከቱት፤ ለእርስዎ የግቢውን ደኅንነት መገምገሚያ፣ ለእሷ ደግሞ ከትምህርቷ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሰነድ ነው።