የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ማሳው ላይ ተገኙ

ውድ ልጆቼ፣

የጅማን የቡና ማሳ አፈር ስቆፍርና ስመዝን ፀጉሬ ሸብቷል። ከሥራዬ ካገኘሁት ሁሉ አስቀድሜ ላካፍላችሁ የምወደው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በአፈር ውስጥ ያሉ ደቂቅ ዘአካላት እጅግ የሚፈተኑት ድርቁ በበረታበት ወቅት ሳይሆን ዝናቡ በተመለሰበት ሰዓት መሆኑ ነው።

ወጣት ሳለሁ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ጥር ላይ የጥላ ዛፎቹ ከተቆረጡበት ገላጣ ማሳ ናሙና ወሰድኩ። አፈሩ በጣቶቼ መካከል እንደ ዱቄት ሲያልፍ አይቼ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥም ትንፋሹ ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ሳገኘው፣ «ሕይወት የለውም» ብዬ መዘገብኩ። አንድ ባልደረባዬ ግን የተረፈውን አፈር አርጥቦ፣ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲይዝ በውኃ ከተበጠበጠ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ አሳደረው። በማግስቱ ፈሳሹ ላይ ጠቋሚ ቀለም ጨምረን በአሲድ ስንለካ ሮዝ ቀለሙ ገና ጥቂት ጠብታ እንደጨመርን ጠፋ፤ አብዛኛውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአፈሩ የወጣው ጋዝ ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው። ሞቷል ያልኩት አፈር ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ አድሯል። በርች የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ በምሥራቅ አፍሪካ አፈር ላይ አጥንቶ በ1958 እ.ኤ.አ. ስላሳተመ ክስተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ እኔ ግን ጽሑፉን አላነበብኩትም ነበር።

አፈር ሲደርቅ ውኃው በቅንጣቶቹ ዙሪያ ስስ ሽፋን ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ምግብ ወደ ባክቴሪያው የሚደርስበት መንገድም ይቆረጣል። ባክቴሪያው ውኃውን እንዳያጣ እንደ ፕሮሊን (አሚኖ አሲድ) እና ትሬሃሎስ (ስኳር) ያሉ ውኃ የሚይዙ ንጥረ ነገሮችን በሴሉ ውስጥ ያከማቻል፤ አንዳንዱ ዝልግልግ ነገር አመንጭቶ ራሱን ይሸፍናል፤ ሌላው ስፖር ሆኖ ይተኛል። ፈንገሶች ድራቸው ደረቁን ክፍተት ስለሚያሻግራቸው በአብዛኛው የተሻለ ይቋቋማሉ። ከዚያ ዝናቡ በድንገት ይወርዳል፤ ውኃው ያን ሁሉ ክምችት ወደያዘው ሴል በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ሴሉም ያከማቸውን ፈጥኖ ካላስወጣ ይፈነዳል። የተረፉት የፈሰሰውንና የሞተውን ስለሚመገቡ ትንፋሹ በሰዓታት ውስጥ ያሻቅባል፣ ናይትሮጅንም ይለቀቃል። የሰብሉ ሥር ገና ሳይነቃ የተለቀቀውን ናይትሬት ወደ ታች የሚሰርገው ውኃ ይዞት ይሄዳል፤ ውኃ ባቆረበት ቦታ ደግሞ ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ አየሩን ይቀላቀላል። በጋው በረዘመና ዝናቡ በኃይል በወረደ ቁጥር ኪሳራው የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥር ላይ በብርብራ ወይም በሰሳ ጥላ ሥር ተንበርክካችሁ የረገፈውን ቅጠል በእጃችሁ ግለጡ። ቅጠሉን ከቅጠል ያሰረ ነጭ የፈንገስ ድር ታያላችሁ፤ ከሥሩ ያለው አፈር ቀዝቃዛ ነው፣ ጣት ላይም ይጣበቃል። ይህ አፈር ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ቀስ ብሎም ይርሳል። ጥላና ጉዝጓዝ ለሁሉም ድርቅ መድኃኒት ናቸው አልልም፤ ዛፉ ራሱ ውኃ ይጠጣል፣ በጋው ከልክ ሲያልፍ ጥላው ሥርም ይደርቃል። ሆኖም ድንጋጤውን ያለዝባሉ፤ የጥላ ዛፍ ይቆረጥ ሲባል ይህንን ሳትፈሩ ተናገሩ።

በአንድ ቀን ናሙና ስለ አፈር ፍርድ አትስጡ። ናሙናውን ቤተ ሙከራ ውስጥ አድርቃችሁ መልሳችሁ ካረጠባችሁትም፣ የምትለኩት እናንተ የፈጠራችሁትን ድርቅ እንጂ የማሳውን አይደለም፤ ይህን ስህተት ጎበዝ የምላቸው ልጆች ሲሠሩት አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛልም።

ደመናው ሲከብድ መንገዱ ጭቃ ይሆናል ብላችሁ ወደ ከተማ አትመለሱ። ከጥላው ሥርና ከገላጣው ቦታ፣ ዝናቡ ከመውረዱ በፊት፣ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱና በሳምንቱ ናሙና ውሰዱ። እርጥበቱን ለማወቅ ከእያንዳንዱ ጥቂት አፈር መዝናችሁ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት አድርቁና እንደገና መዝኑ፤ በየከረጢቱም ላይ ከቀኑ ጋር ዝናቡ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ።