የስትሮክ ታካሚን እጅ ለማሠራት ምን ልማር?

ጥያቄ፦ «ቨርጂኒያ ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። ከአገር ቤት የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ መጥቻለሁ፤ ሁለት ልጆችም አሉኝ። የምንከባከባቸው አዛውንት ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን አድክሞባቸዋል። ደረታቸው ውስጥ መሣሪያ ተቀብሮላቸው ቴራፒስቷ ቁልፍ እየተጫነች ታሠራቸዋለች። እኔም ይሄን መሥራት እፈልጋለሁ። ኢንጂነሪንግ ይሻለኛል ወይስ ነርሲንግ?»

እህቴ፣ ሁለቱንም ተያቸው። የምትፈልጊው ኦክፔሽናል ቴራፒ ይመስለኛል፤ ታካሚው እንደ መብላትና መልበስ ያሉ የዕለት ተዕለት ሥራዎችን እንደገና ራሱ እንዲሠራ የሚያለማምድ ሙያ ነው።

መሣሪያው አንገት ውስጥ የሚያልፈውን ቫገስ ነርቭ ነው የሚያነቃቃው። ታካሚው ኩባያ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ፣ ልክ ያኔ ቁልፉ ይጫናል። ለግማሽ ሰከንድ ነው፤ አለቀ። ከዚያ እንደገና ኩባያው፣ እንደገና ቁልፉ፣ በአንድ ቀጠሮ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ።

የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ መሣሪያውን በ2021 የፈቀደው በ108 ሰዎች ላይ ከተደረገ ጥናት በኋላ ነው። መሣሪያው ለሁሉም ተቀብሯል፣ ልምምዱንም ሁሉም ሠርተዋል። ትክክለኛውን ማነቃቂያ ካገኙት 47 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 24 በመቶው ከሦስት ወር በኋላ ጉልህ ለውጥ አሳይተዋል። ማሽኑ ያግዛል። ግን ያለ እሱም በልምምድ ብቻ የተሻላቸው አሉ፤ ከነማሽኑ ያልተሳካላቸውም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቁልፉ ብቻ ማርኮሽ ከሆነ ቶሎ ትሰለቻለሽ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸው የሚነጫነጩትን አባት «አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ» ማለት ካልከበደሽ ግን ሥራው ያንቺ ነው። ሲኤንኤ ሆነሽ ይሄን ትዕግሥት ሳትለምጂው አትቀሪም።

መንገዱ ሁለት ነው። የቴራፒስት ረዳት ለመሆን የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ የተግባር ልምምድ፣ ብሔራዊ ፈተና፣ ከዚያ የስቴት ላይሰንስ። ዋናዋ ቴራፒስት ለመሆን ግን ማስተርስ ያስፈልጋል። ዲግሪሽ አካውንቲንግ መሆኑ አያግድሽም፤ ትራንስክሪፕትሽን አስገምግሚና የጎደሉትን ኮርሶች ሙዪ። ሁለት ልጅ ይዘሽ ግን እኔ ብሆን በረዳትነቱ እጀምራለሁ። ደመወዝ እያገኘሽ ወደ ላይ የምትሸጋገሪበት ፕሮግራም አለ።

አንድ ነገር አደራ፦ ትምህርት ቤቱ የኦክፔሽናል ቴራፒ ትምህርትን ከሚመዝነው አካል ከአኮቲ (ACOTE) እውቅና ከሌለው ሳንቲም እንዳትከፍዪ። ፈተናው ላይ አያስቀምጡሽም።

ለጊዜው ሺፍትሽን ሳትለቂ አናቶሚ እና ፊዚዮሎጂን በማታ ውሰጂ። በዚያው ሰሞን አንድ ሆስፒታል ሪሃብ ክፍል ደውለሽ ቴራፒስት ሲሠራ ቆመሽ እንድታዪ ፈቃድ ጠይቂ። ብዙ ፕሮግራሞች የምልከታ ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ፊርማውን በወረቀት ተቀበዪ።