ጥያቄና መልስ፦ ስለ ጃፓን ምግብና አኗኗር ጋሽ ብቅልን ጠይቁ

ጋሽ ብቅል፦ ሰላም ለሁላችሁ። በቃሌ መሠረት መጥቻለሁ። ለማታውቁኝ፣ ናጋኖ በሚባል የጃፓን ተራራማ አውራጃ 9 ዓመት ኖሬያለሁ። ሚሶ የሚሠራበት ቤት ነበር የምሠራው። ሐኪም አይደለሁም። መነኩሴም አይደለሁም። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ፤ አንድን ጥያቄ አምስት ጊዜ አልመልስም። ሻዬን ቀድቻለሁ፣ ቀጥሉ።

የቦሌዋ፦ እንኳን ደህና መጡ ጋሼ! ጃፓኖች ምን በልተው ነው እንዲህ ዕድሜያቸው የረዘመው?

ጋሽ ብቅል፦ ብዙ ነገር። አጥብበሽ ጠይቂኝ።

ሽሮ በሚጥሚጣ፦ ሚሶ ምንድነው? የጃፓን ሽሮ ነው የሚሉ ሰምቻለሁ።

ጋሽ ብቅል፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው። ሽሮ አይደለም። ሽሮ ዱቄት ነው፤ ሚሶ ደግሞ የተብላላ ሊጥ። አኩሪ አተር ይቀቀላል፣ ይደቆሳል፣ ከጨውና ከኮጂ ጋር ይለወሳል። ከዚያ በርሜል ውስጥ ይጠቀጠቅና ድንጋይ ይጫንበታል። ነጩ ሚሶ በጥቂት ሳምንት ይደርሳል። ቀዩ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ኦካዛኪ ከተማ የሚሠራው ሐቾ ሚሶ ግን ትልቅ የእንጨት በርሜል ውስጥ፣ ድንጋይ እንደ ካብ ተከምሮበት፣ ከ2 ዓመት በላይ ይተኛል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ኮጂ ነው። ኮጂ ሩዝ ወይም ገብስ ላይ ሆን ተብሎ የሚዘራ ሻጋታ ነው። ፊታችሁን አታጨማዱ። ጠላ ሲጠመቅ ብቅል ለምን ይገባል? እህሉ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆራርጥ ኤንዛይም ያወጣል። እርሾው ያንን ስኳር በልቶ አልኮል ያደርገዋል። ብቅል ከሌለ ጠላ የለም። ጃፓኖች ይህንኑ ሥራ ለሻጋታ ሰጡት። ብቅል ለጠላ እንደሆነው ሁሉ ኮጂ ለሳኬ፣ ለሩዝ መጠጣቸው፣ ነው። ሚሶ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የአኩሪ አተሩን ፕሮቲን ይሰባብራል፤ ያ ምላስ ላይ የሚቀር ጣዕም የሚመጣው ከዚያ ነው። ስሜን ለምን ብቅል እንዳልኩ አሁን ገባችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሻገተ እንጀራ ኮጂ አይደለም! ኮጂ በብዙ ትውልድ ተመርጦ የመጣ ዘር ነው። መሶባችሁ ውስጥ ሳትጠሩት የመጣ ሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ጣሉት።

ዳዊት ከሜሪላንድ፦ ጋሼ እዚህ የእስያ ሱቅ ገዝቼ ሞከርኩት። ጨው በጨው ነው! ይሄ ነው ዕድሜ የሚያረዝመው?

ጋሽ ብቅል፦ ጎሽ። ሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ የሚገባው ይህን ነበር። አንድ ጎድጓዳ ሳህን የሚሶ ሾርባ ከ1 ግራም በላይ ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ጃፓኖች በአማካይ ወደ 10 ግራም ይበላሉ። ስለዚህ ረጅም ዕድሜያቸው ከጨው ጋር እየታገለ የመጣ ነው።

የኖርኩበትን ናጋኖን ላንሳ። ክረምቱ ረጅም ነው፤ በረዶው ቤት ይዘጋል። ድሮ ሰው ክረምቱን የሚያልፈው በጨው በተቀመጠ አትክልትና በሚሶ ነበር። በ1960ዎቹ ስትሮክ ብዙ ሰው ከሚገድልባቸው አውራጃዎች አንዱ ነበር። ያዳነው ተአምረኛ ቅጠል መሰላችሁ? የየመንደሩ ሴቶች ናቸው። በጎ ፈቃደኞች ሆነው በየቤቱ እየገቡ የሾርባውን ጨው ለኩ። «ሾርባውን ቀንሰው፣ አትክልቱን አብዛው፣ በቀን አንዴ ብቻ ጠጣ» እያሉ ዓመታት ለፉ። የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አስቡ፤ መሣሪያቸው የጨው መለኪያ ሲሆን። በ2010 ቆጠራ ናጋኖ በወንድም በሴትም ዕድሜ ከ47ቱ አውራጃዎች አንደኛ ወጣች። ሚሶውን ግን ማንም አልተወም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ሚሶ ጨው አለው እንዴ?

ጋሽ ብቅል፦ ከላይ።

ሰላም ፈላጊ፦ ጋሼ እኔ ምግቡን ሳይሆን ሰላሙን ነው የምፈልገው። እንዴት ነው እንዲህ ረጋ ብለው የሚኖሩት? ኢኪጋይ ላይ ቢያብራሩልን።

ጋሽ ብቅል፦ ረጋ ብለው? «ካሮሺ» የሚባል ቃል ያወጡት እነሱ ናቸው፤ በሥራ ብዛት መሞት ማለት ነው። ቶኪዮ በጠዋት ባቡር ተሳፍረህ ታውቃለህ? ኢኪጋይ ተራ ቃል ነው፤ ለመኖር የሚያጓጓህ ነገር። የጎረቤቴ የአሮጊቷ ኢኪጋይ የነጭ ራዲሽ መደባቸው ነበር። በየቦታው የምታዩት አራት ክብ ያለበት ሥዕል ከጃፓን አልመጣም። ወደ ምግብ እንመለስ።

ሰላም ፈላጊ፦ የጫካ መታጠብስ?

ጋሽ ብቅል፦ ሺንሪን ዮኩ። ጫካ ገብቶ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ቃሉን በ1982 ያወጣው የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት ነው፤ የሺህ ዓመት ምሥጢር አይደለም። እንጦጦ ውጣ፣ ስልክህን ዝጋ፣ ያው ነው።

ጾመኛዋ፦ ጋሼ ለጾም የሚሆን የጃፓን ምግብ አለ? ቶፉ ሰለቸኝ።

ጋሽ ብቅል፦ አለ እንጂ! ሾጂን ርዮሪ ይባላል፤ የቡድሃ ገዳማት ምግብ ነው። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም። ከእኛ የሚብሰው ምኑ መሰለሽ? ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለም። ወጥ ያለ ሽንኩርት እስቲ አስቢው። ዶገን የተባለ መነኩሴ በ1237 ለገዳሙ ወጥ ቤት ኃላፊ መመሪያ ጽፏል። ሩዝ ስታጥብ ዓይንህን አትንቀል፣ አንዲት ፍሬ አታባክን ዓይነት ነው። ምግብ ማብሰሉን ከጸሎት አይለየውም።

ያለ ሽንኩርት ጣዕሙ ከየት ይመጣል? ከኮምቡ፣ የባሕር አረም ነው፣ እና ከደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ። በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ኮምቡ ሾርባውን ለምን እንደሚያጣፍጥ መረመረና ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር ሆኖ አገኘው። ጣዕሙን ኡማሚ አለው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ኮምቡና እንጉዳዩን ማታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፊያለሽ፣ ጠዋት ለስለስ ባለ እሳት ታሞቂያለሽ፣ ሳይፈላ ኮምቡን ታወጪያለሽ። በዚያ ውኃ ምስር ቀቅይበት፤ ጨው ሳታበዢ ይጣፍጥልሻል። ግን ኮምቡ በአዮዲን የታጨቀ ነው። የታይሮይድ ችግር ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ፦ ምግብ ቤት የሚቀርብ የሚሶ ሾርባ ጾም ነው ብላችሁ አትጠጡ። አብዛኛው ካትሱኦቡሺ አለበት፤ የደረቀና የታጠነ ዓሣ ነው።

ዳዊት ከሜሪላንድ፦ ዓሣ ታዲያ ምን አለበት? ይበላል እኮ።

ጾመኛዋ፦ ማን አለህ?

ዳዊት ከሜሪላንድ፦ እዚህ ሁሉም ይበላል። ሐዋርያትም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ።

የአራዳው፦ ማጥመድና በጾም መብላት አንድ ነው እንዴ? ጴጥሮስ መረቡን ትቶ ነው የተከተለው 😂

ጾመኛዋ፦ አያቴ በሁዳዴ የዓሣ ስም ሲጠራ እንኳን አይወዱም ነበር።

ዳዊት ከሜሪላንድ፦ አያትሽ ባሕር ዳር ቢወለዱ ኖሮ እናያቸው ነበር።

ጋሽ ብቅል፦ ኧረ በቃችሁ! ለንስሐ አባቶቻችሁ። እኔ ሾርባው ውስጥ ዓሣ አለ ነው ያልኩት። ጾመኛዋ፣ ይልቅ ስልጆ ትሠሪያለሽ? የሱፍ ውኃ፣ የባቄላ ዱቄት፣ ሰናፍጭ፣ ለጥቂት ቀን ይብላላል። ለሚሶ ከሽሮ ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስልጆ የሚሠራ ቤት እየጠፋ ነው፣ እናንተ ግን ከጃፓን፣ ከኦሳካ፣ ሚሶ በባልዲ ታስመጣላችሁ። ያናድደኛል።

የጅዳዋ እህት፦ ጋሼ፣ እናቴ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ናቶ ለደም ዝውውር ጥሩ ነው ብለውኝ ልልክላት ነበር።

ጋሽ ብቅል፦ እንዳትልኪ! የምትወስደው ዋርፋሪን ከሆነ ናቶ መድኃኒቱን ያከሽፍባታል። የተብላላ አኩሪ አተር ነው፤ ቫይታሚን ኬ ሞልቶታል። ሐኪሟን ጠይቂ።

ቦርጫሙ፦ በ2 ሳምንት ቦርጭ የሚያጠፋ የጃፓን ዘዴ?

ጋሽ ብቅል፦ የለም።

ሽሮ በሚጥሚጣ፦ ስለ ጃፓን ደቡብ ደሴቶች ስለ ኦኪናዋስ? ከ10 እጅ 8ቱን ብቻ ጠግቦ መነሳት የሚሉት ነገር።

ጋሽ ብቅል፦ ሐራ ሐቺ ቡ። የአሮጊቶች አባባል ነው፤ ጥሩ ነው። ጉርሻ ባለበት አገር ግን 8 ላይ ስታቆም አክስትህ ምን እንደምትል አንተው ታውቃለህ። የኦኪናዋ ሽማግሌዎች ወጣት ሳሉ ድሆች ነበሩ። ከግማሽ በላይ ምግባቸው ስኳር ድንች ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1972 አሜሪካ አስተዳደረቻቸው። የቆርቆሮ ሥጋና ሀምበርገር ገባ። በ2000 የወንዶቹ ዕድሜ ከ47ቱ አውራጃዎች ወደ 26ኛ ደረጃ ወረደ። አገሩ ያው፣ ደሙ ያው፣ ሳህኑ ተቀየረ።

አዲስ ገቢ፦ ስለዚህ ሚሶ ለደም ግፊት ጥሩ ነው ማለት ነው?

ጋሽ ብቅል፦ ጨው! ጨው! ጨው! ዳዊት የጠየቀኝን አንብብ።

የቦሌዋ፦ ጋሼ አጥብቤ መጣሁ። ቁርስ ላይ ምን ነበር የሚበሉት?

ጋሽ ብቅል፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ሩዝ በትንሽ ሳህን፣ አትክልት የበዛበት የሚሶ ሾርባ፣ የተጠበሰ ዓሣ ቁራሽ፣ ጎመን ነገር። ሁሉም በየራሱ ትንንሽ ሳህን። አንድ ትሪ ላይ አንቆልልም። ከመብላታቸው በፊት «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ በትሕትና ተቀበልኩ እንደማለት ነው። ሩዙ ግን ነጭ ነው፤ እሱን ከእነሱ አትቅጂ። ጤፍሽን ያዢ።

የአራዳው፦ ጋሼ እየቀለድኩ አይደለም። ትናንት የተረፈ ሩዝ ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎልኛል። ኮጂ ይሆን?

ጋሽ ብቅል፦ ጣለው።

የአራዳው፦ ሽታው ግን ደስ ይላል።

ጋሽ ብቅል፦ ጣለው።

የአራዳው፦ ትንሽ ብቻ ቀምሼ...

ጋሽ ብቅል፦ ሻዬ ቀዝቅዟል። የአራዳውን የምትወዱት ካላችሁ ቤቱ ሄዳችሁ ድስቱን ድፉበት። ደህና እደሩ።