በስልኩ ሰባት ተኩል፣ በቤቱ አንድ ተኩል፦ ለልጆች ሰዓት ስለማስተማር

ጠያቂዋ እህታችን፣ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው የ7 ዓመት ልጅዎ የስልኩን ሰዓት ሳትሳሳት እያነበበች የግድግዳውን ግን ማንበብ እንዳቃታት፣ በዚያ ላይ ስልኩ 7፡30 ሲል ቤተሰቡ «አንድ ተኩል» ማለቱ እንዳደናገራት ጽፈው፣ ከየትኛው መጀመር እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆኜ ለ11 ዓመታት ሳስተምር፣ ሦስት ልጆቼንም ሳሳድግ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

በቅድሚያ፣ ልጅዎ የስልኩን ሰዓት «ታነባለች» የሚለውን ቢመረምሩት መልካም ነው። ቁጥር መጥራትና ሰዓት ማወቅ ይለያያሉ። የእኔ ሁለተኛ ልጅ 7፡55ን አጥርቶ እየጠራ «ስምንት ሊሆን ስንት ቀረው?» ሲባል «ብዙ» ብሎ ይመልስ ነበር፤ ከ7፡59 ቀጥሎ 7፡60 እንደሚመጣም በሙሉ ልብ ነግሮኛል። ዲጂታል ሰዓት አሁን ያለውን ቁጥር ብቻ ስለሚያሳይ፣ ያለፈውንና የቀረውን ልጁ በዓይኑ አያየውም። ስለዚህ ምክሬ ከባለ ቆጣሪው ሰዓት፣ ያውም በእኛ አቆጣጠር፣ እንዲጀምሩ ነው። ልጅዎ ከተወለደች ጀምሮ የምትሰማው እርሱን ነው፤ ትርጉሙም በመስኮት ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ «አንድ ሰዓት» ማለት ቀኑ ከጀመረ አንድ ሰዓት ሆነው ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ይገባዋል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም በዚሁ መንገድ እንደሚቆጥሩ ብነግራቸው ተማሪዎቼ በጣም ይደሰታሉ።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙዎቻችን ከካርቶን ሰዓት ቆርጠን ሁለት ቆጣሪ እንለጥፋለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አድርጌአለሁ፤ ነገር ግን የካርቶኑ ቆጣሪዎች እያንዳንዳቸው ለብቻ ስለሚዞሩ፣ ልጁ «አንድ ተኩል» ሲባል አጭሩን ልክ 1 ላይ፣ ረጅሙን 6 ላይ አድርጎ ያስቀምጣል፤ እውነተኛው ሰዓት ላይ ግን አጭሩ በ1 እና በ2 መካከል ደርሷል። ስለዚህ አንድ ያረጀ የግድግዳ ሰዓት ፈልገው መስታወቱን ያንሡና ረጅሙን ቆጣሪ ነቅለው ያስቀምጡት። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልተው አንድ ሳምንት በአጭሩ ቆጣሪ ብቻ እንድትጠቀም ያድርጉ። «አንድ አልፏል፣ ሁለት ግን አልደረሰም» ማለት ከቻለች ከባዱ ነገር አልቋል። ከዚያ ረጅሙን መልሰው ይግጠሙትና ከጀርባው ያለውን ማስተካከያ ራሷ ታዙረው፤ ረጅሙ አንድ ዙር ሲጨርስ አጭሩ ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ሲጓዝ ታየዋለች።

ተኩልና ሩብ የእንጀራ ጉዳይ ናቸው። አንዱን እንጀራ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጥፌ ከሰዓቱ ጎን ሳስቀምጠው፣ ሱቅ ሄዳ ሩብ ኪሎ ስኳር የምትገዛ ልጅ ተጨማሪ ማብራሪያ አትፈልግም። የሚያስቸግረው «ለሁለት ሩብ ጉዳይ» የሚለው አነጋገር ነው፤ ገና ያልደረሰውን ሰዓት አስቀድሞ ስለሚጠራ። «ጉዳይ» እዚህ ላይ ጉድለት ማለት መሆኑን ይንገሯትና፣ ረጅሙ ቆጣሪ 9 ላይ ሲሆን እስከ 12 ድረስ የጎደለውን የእንጀራ ሩብ በጣቷ ታሳይዎት።

ይህ ሲረጋ ብቻ ወደ ሌላው አቆጣጠር ይሂዱ። ለትልቋ ልጄ «ስድስት ቀንሺ» ብዬ አስተማርኳት። ከሰባት ስድስት፣ ከስምንት ስድስት እያለች ጥሩ ሄደች፤ 3፡00 ላይ ስንደርስ «ከሦስት ስድስት እንዴት ይቀነሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንግዲያውስ ስድስት ደምሪ» አልኳት፤ ከዚያ ቀን በኋላ መቼ እንደሚደመር፣ መቼ እንደሚቀነስ እኔን ሳትጠይቅ አትናገርም ነበር። መላው ግን ከፊታችን ተሰቅሏል፤ ስድስት ሰዓት የክቡ ግማሽ ስለሆነ፣ በውጭ አቆጣጠር በተሞላ ሰዓት ላይ አጭሩ ቆጣሪ ከሚያመለክተው ቁጥር ትይዩ ያለውን ማየት ብቻ ይበቃል። 7 ከ1፣ 8 ከ2፣ 9 ከ3 ፊት ለፊት ናቸው፤ የቀሩትም እንዲሁ። መቀነስም መደመርም የለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ትይዩው የሚታየው ለአጭሩ ቆጣሪ ብቻ ነው። ሁለተኛው ልጄ ረጅሙንም ይገለብጠው ነበርና አንድ ቀን ጠዋት ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኖ፣ 6 ላይ ያለውን ረጅም ቆጣሪ 12 ላይ እንዳለ ቆጥሮ፣ «ገና አንድ ሰዓት ነው» እያለ ፍርፍሩን ተረጋግቶ ሲበላ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ጥሎት ሄደ። ደቂቃ በየትም አገር ያው ደቂቃ መሆኑን ያን ቀን ተማረ፤ እኔም ታክሲ ስጋፋ አረፈድኩ።

ዲጂታሉን በመጨረሻ፣ በውጭ አቆጣጠር ከተሞላው ሰዓት ጎን ስልኩን አቁመው ያስተምሯት። ከሁለቱ ነጥቦች በፊት ያለው የአጭሩ፣ በኋላ ያለው የረጅሙ ቆጣሪ ቁጥር ነው። ለጊዜው ስልኩን በ12 ሰዓት አሠራር ያድርጉት፤ 19፡30ን የመሰለው ቆይቶ ይደርሳል። በአውሮፕላን ቲኬት ላይ 02፡00 የሚለውን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መስሎት የሚሳሳት አዋቂ ስላለ ልጅን ማጣደፍ አያስፈልግም። የክፍል መምህሯንም ፈተና ላይ የሚሣለው ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሚነበብ ይጠይቋቸው፤ ቆጣሪው 8 ላይ ሆኖ «2 ሰዓት» ብላ የጻፈች ልጅ ኤክስ ሲደረግባት አይቻለሁ፤ ልጅቷ ግን በቤቷ አነጋገር ትክክል ነበረች።

ውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወላጆች ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ይሻላል። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ 15፡00 ሳይሞላ በምትጠልቅበት ስቶክሆልም፣ ቀን በ12 ሰዓት ይጀምራል ብሎ ልጅን ማሳመን አይቻልም።

አዲስ ሰዓት የሚገዙ ከሆነም፣ 12ቱም ቁጥሮች በጉልህ የተጻፉበትን፣ ጌጥ የሌለውን መርጠው በልጅቷ ቁመት ልክ ይስቀሉት። የሮማውያን ቁጥር ያለበት ባለ ወርቅ ቀለሙ ሳሎን ይቆይ።