በመርፌ ወይስ በመኪና? የስፌት ጀማሪዎችን ስለ ማስተማር ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስፌት ከሚማሩ ሳይሆን ስፌት ከሚያስተምሩ ሰዎች የመጡ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የላኪዎቹን ስም ትቼ አገራቸውን ብቻ ጠቅሼ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ለወጣቶች ልብስ ስፌት አስተምራለሁ። 14 ተማሪዎችና 3 በእግር የሚረገጡ የስፌት መኪናዎች አሉን። ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኪና ላይ መቀመጥ ይፈልጋሉ፤ በእጅ መርፌ ሳስጀምራቸው «ይህንንማ እቤታችን እናውቀዋለን» እያሉ ያጉረመርማሉ። በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ በእጅ መርፌ ይጀምሩ፤ ማጉረምረሙንም ለሁለት ሳምንት ይቻሉት። በእጅ ሲሰፋ አንድ ስሕተት አንድ ስፌት ነው፤ በመኪና ሲሰፋ ግን ጀማሪው ስሕተቱን ከማየቱ በፊት አንድ ክንድ ሙሉ ተሰፍቶ ያልቃል። ከዚህም በላይ ጨርቅ በርዝመቱ ሲጎተት እንደማይለጠጥ፣ በአግድሙ ጥቂት እንደሚሰጥ፣ በሰያፍ ሲጎተት ደግሞ ቅርጹን እንደሚለቅ የሚያውቀው እጅ ነው፤ ይህን በጣቱ ያላወቀ ተማሪ መኪና ላይ ሲቀመጥ እጀታው ለምን እንደተጣመመበት ሊገባው አይችልም።

ለመለማመጃ ከአቡጀዲ የተሻለ ጨርቅ አላውቅም። ርካሽ ነው፣ አይንሸራተትም፣ በእርሳስ የተሰመረበት መስመር በደንብ ይታያል። ነገር ግን ሳይታጠብ አይስጧቸው፤ አዲስ ጥጥ ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ በመጀመሪያው ቀን ታጥቦ፣ ደርቆና ተተኩሶ ይቅረብ፤ ተማሪዎቹ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ በሜትር ይለኩት። «ጨርቅ ይሰበሰባል» ብለው አሥር ጊዜ ከሚነግሯቸው ይልቅ ልኬቱ ሲቀንስ አንድ ጊዜ ቢያዩት ይበልጣል።

ክሩ ከአንድ ክንድ ብዙ አይርዘም። ጀማሪ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ላለመሰካት ረጅም ክር ይወዳል፤ ረጅም ክር ግን በየስፌቱ ጨርቁን ሲያልፍ እየተፋተገ ይሳሳል፣ ይጠመዘዛል፣ ይቋጠራል። ጫፉን በመቀስ በሰያፍ ቆርጠው መርፌውን ወደ ክሩ ማምጣትን ያለማምዷቸው፤ ክሩን ወደ መርፌው የሚወስድ ሰው ጫፉ ሲወዛወዝበት ይውላል። የሚያስቸግር ክር ካለ በሰም ላይ አንድ ጊዜ ጎተት ያድርጉት፤ ከቤተ ክርስቲያን የተረፈች የጧፍ ቁራጭ ለዚህ ሥራ ትበቃለች።

ከዚያም ሦስት ነገር ብቻ ያስተምሩ፤ ፊት ለፊት የሚሄደውን ተራ ስፌት፣ እያንዳንዱ ስፌት ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን የሚነካበትን ጠንካራ ስፌት፣ እና ጠርዝ መዘምዘምን። ጠንካራውን ስፌት በ10 ሳንቲሜትር መስመር ላይ 25 ያህል እኩል አድርጎ የሰፋ ተማሪ ወደ መኪና ማለፍ ይችላል። ቁልፍ መትከልንም በዚያው ጨምሩበት፤ በቁልፉና በጨርቁ መካከል አንድ የክብሪት እንጨት አስገብተው ይስፉ፣ ሲጨርሱ እንጨቱን ያውጡና በተረፈው ክፍተት ክሩን ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥመው ይቋጩ። ቁልፉ አንገት ስለሚኖረው ሲቆለፍ ጨርቁን አይጨመድደውም።

ስለ መኪናዎቹ ማነስም አይጨነቁ፤ ለጀማሪዎች ክፍል ይህ እንደ ጉዳት አይቆጠርም። ሦስቱ መኪና ላይ ሲሆኑ አሥራ አንዱ በእጅ ይሰፋሉ፤ በየ15 ደቂቃው ይቀያየሩ።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ተማሪዎቼ በእግር የሚረገጠው መኪና «ይሸሸናል» ይላሉ። አንዳንዴ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩን ይበጥሰዋል። መስመራቸውም እንደ እባብ ይጠማዘዛል።

መልስ፦ ክሩን ያውጡት። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ያለ ክር፣ ያለ ጨርቅ፣ ጨርቅ መጫኛው እግር ተነሥቶ መርገጥ ብቻ ነው። ተማሪው በቀኝ እጁ ከጎን ያለውን መዘውር ወደ ራሱ ያንቀሳቅሳል፤ እግሩ ያንን ተቀብሎ በተረከዝና በጣት እየተፈራረቀ ይረግጣል። መዘውሩ በተቃራኒው ከዞረ ክሩ ይተበተባል ወይም ይበጠሳል፤ እግር ይህን ልክ እስኪለምድ ድረስ ክር ማስገባት ክርም ጊዜም ማባከን ነው። መርገጫውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ የላላ ከሆነ መርገጫው እየሠራ መኪናው ስለሚቆም፣ ጥፋቱን በተማሪው እግር ላይ ከመጣልዎ በፊት እርሱን ይመልከቱ።

በሁለተኛው ቀን ከደብተር አንድ ገጽ ይቅደዱ። ተማሪው ያለ ክር በተሰመሩት መስመሮች ላይ ወረቀቱን ይስፋ፤ መርፌው የወጋበት ቀዳዳ ሁሉ ስለሚታይ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ቢያነሡት የት እንደሳተ ራሱ ይነግረዋል፣ እርስዎ መናገር አያስፈልግዎትም። ከዚያ አራት ማዕዘን ሣሉለት። ጥጉ ላይ ሲደርስ መርፌውን ወረቀቱ ውስጥ እንደተተከለ ይተወው፣ የመኪናውን መጫኛ እግር ያንሣ፣ ወረቀቱን ያዙር፣ መጫኛውን ይመልስ። በመጨረሻ ቀንድ አውጣ የመሰለ ጥምዝምዝ መስመር ይሰጠው። ወረቀት መርፌን ስለሚያደነዝዝ ለዚህ ልምምድ አሮጌ መርፌ ይመድቡ።

ስለ መጠማዘዙ ደግሞ፣ ጀማሪው የሚያየው መርፌውን ነው። መርፌ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ደስ ይላል፤ ዓይን ግን መሆን ያለበት በጨርቁ ጠርዝ ላይ ነው። ከመርፌው 1.5 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ በመኪናው ገበታ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ይለጥፉና ጠርዙን በዚያ ላይ እንዲያስኬዱት ያድርጉ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ከላይ ሲታይ ስፌቱ ያማረ ነው፤ ጨርቁ ሲገለበጥ ግን ከሥር ክሩ ተኮማትሮ የወፍ ጎጆ ይመስላል። ቦቢኑን (የሥረኛው ክር የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ) ስንት ጊዜ አውጥተን እንደከተትን አልነግርዎትም።

መልስ፦ ቦቢኑን ይተዉት። ጥፋቱ ከሥር ቢታይም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው። የመኪና ስፌት ሁለት ክሮች በጨርቁ መሐል እርስ በርስ የሚቆላለፉበት ሥራ ነው፤ የላይኛውን ክር የሚይዘው ማጥበቂያ ካልያዘው ክሩ ያለ ልክ እየተለቀቀ ወደ ታች ይሳባል፣ እዚያም ይከማቻል። ማጥበቂያው ክሩን የማይዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ተራ ምክንያት ነው፤ ተማሪው ክሩን ያስገባው ጨርቅ መጫኛው እግር ወርዶ ሳለ ነው። እግሩ ሲወርድ የማጥበቂያው ሳሕኖች ይገጥማሉ፣ ክሩም በመካከላቸው ከመግባት ይልቅ በላያቸው ያልፋል። ስለዚህ እግሩን ያንሡ፣ የላይኛውን ክር ሙሉ በሙሉ ያውጡ፣ እንደገና ከመነሻው ያስገቡ፤ ከዚያ እግሩን አውርደው ክሩን በእጅዎ ጎተት ያድርጉት፣ ከበድ ካለ ተይዟል። መስፋት ሲጀምሩም የሁለቱን ክሮች ጫፍ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ስፌቶች ከኋላ ይዘው ይቆዩ።

ይህን ሁሉ አድርገው ስፌት የሚዘል ከሆነ መርፌውን ይመልከቱ። በመርፌው አንድ ጎን ላይ ከላይ እስከ ቀዳዳው የሚወርድ ረጅም ቦይ አለ፤ ክሩ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። የመርፌው አቀማመጥ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ በቦዩ መመራት ከሁሉም ይቀላል። ቁጥሩም ለጨርቁ ይስማማ፤ 90 የሚል መርፌ 0.9 ሚሊሜትር ውፍረት አለው ማለት ነው፣ ለአቡጀዲና ለመሰል ጨርቅ ይሆናል። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለጂንስ 100 ወይም 110 ይጠቀሙ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ደሴ ለምትኖር አክስቴ የኤሌክትሪክ የስፌት መኪና ልልክላት አስባለሁ። የሰፈር ልጆች ልታስተምርበት ነው። የሚያስፈልግ ጥንቃቄ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ከመላክዎ በፊት ከሞተሩ ላይ ወይም ከመኪናው ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። የአሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ለ120 ብቻ የተሠራውን መኪና አክስትዎ በቀጥታ ቢሰኩት ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል፤ አምፖሉማ ወዲያው ይሄዳል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይረዳል፤ የቤት መኪና ብዙ ኃይል ስለማይወስድ የ300 ዋት ትራንስፎርመር ይበቃል።

እኔን ከጠየቁኝ ግን ገንዘቡን ይላኩላቸውና እዚያው በእግር የሚረገጥ ጠንካራ መኪና ይግዙ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አይቋረጥም፣ መለዋወጫው በየገበያው ይገኛል፣ ሠራተኛውም ያውቀዋል። ሃምሳ ዓይነት ጌጥ የሚሰፋ ባለ ስክሪን መኪና ለጀማሪዎች መላክ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጥሩ መቀስ፣ እስፒልና ጥራት ያለው መርፌ ግን በሻንጣ ቢመጣ እሰየው ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ዕድሜዬ 58 ነው። መሶብና ሰፌድ ስሰፋ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ መኪና ነክቼ አላውቅም። ልጆች መካከል ገብቼ ብማር ይሆንልኛል ይላሉ?

መልስ፦ እናቴ፣ እርስዎ ስፌት አዲስ አይሆንብዎትም። ቋንቋችን ለሁለቱም ሥራ አንድ ቃል የሰጠው በከንቱ አይደለም። በወሰፌ እየወጋ አክርማውን እኩል ሲያጠብቅ የኖረ እጅ፣ ልጆቹ ወር የሚፈጅባቸውን ነገር፣ ማለትም ክርን ሳያላሉ ሳያጨማድዱ መሳብን፣ አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚቀርዎት የእግርና የእጅ ቅንጅት ነው፤ እሱም ከላይ እንደጻፍሁት በወረቀት ይለመዳል። ዓይንዎ ካስቸገረዎት ከመርፌው ጀርባ ነጭ ወረቀት ያስቀምጡ፣ ቀዳዳው ጎልቶ ይታይዎታል።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ አንድ ተማሪዬ ግራኝ ነው። እንዴት ላሳየው?

መልስ፦ ለሌሎቹ አጠገባቸው ተቀምጠው ያሳያሉ፤ ለእርሱ ፊት ለፊቱ ይቀመጡና እንደ መስተዋት ይከተልዎ። በቀኝ እጅ እንዲሰፋ አያስገድዱት። የሚቸገረው በመቀስ ነው፤ የተለመደው መቀስ በግራ እጅ ሲያዝ ጨርቁን ከመቁረጥ ይልቅ ያጥፈዋልና ከተገኘ የግራኝ መቀስ ይፈለግለት። መኪና ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሴት ተማሪዎቼ የመጀመሪያ ሥራቸው የሐበሻ ቀሚስ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ከሽሮ ሜዳ ጨርቅ ገዝተው መጥተዋል። ልፍቀድላቸው?

መልስ፦ ጨርቁ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆይ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ድሩና ማጉ ላላ ያለ ስለሆነ ተቆርጦ ገና ሳይሰፋ ጠርዙ መተርተር ይጀምራል፤ የመኪናው እግር ሲጫነው ይንሸራተታል፣ ጥለቱም ግራና ቀኙ ካልገጠመ ከሩቅ ያስታውቃል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በጀማሪ ላይ ሲመጣ ውድ ጨርቅ ይበላሻል፣ ተማሪዋም መኪናውን ትጠላለች።

መጀመሪያ የትራስ ልብስ ይስፉ፤ አራት ቀጥ ያሉ መስመሮችና አንድ ሰፊ እጥፋት ነው። ቀጥሎ ባለ ማንገቻ የጨርቅ ቦርሳ፣ ከዚያ ኪስ ያለው ሽርጥ፣ ከዚያ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ቀሚስ። ወደ ሽመና ጨርቅ ሲደርሱ የሚቆረጠውን መስመር አስቀድመው በጠመኔ ያስምሩ፣ ከመስመሩ ውስጥ ለውስጥ በመኪና አንድ ዙር ይስፉና ከዚያ ይቁረጡ፤ ስፌቱ ክሮቹን ስለሚይዛቸው አይተረተሩም። ጥለቱንም በእስፒል ብቻ አይመኑት፤ በእጅ ጊዜያዊ ስፌት ያያይዙት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የእጅ ስፌት እዚህ ላይ ሒሳቡን ይመልሳል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ተማሪ አጣሞ ሲሰፋ ላስፈታው ወይስ ልለፈው? ማስፈታት ተስፋ እንዳያስቆርጥ እፈራለሁ።

መልስ፦ እኔ ስማር ያስተማሩኝ ሰው ስሳሳት ጨርቁን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ቆንጆ አድርገው ይጨርሱልኝ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ። ኮርሱ ሲያልቅ ያማሩ ሦስት ሸሚዞች ነበሩኝ፤ አንዱንም ብቻዬን መድገም አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ጨርቅ አልነካም። ማሳየት ካስፈለገኝ በኪሴ የያዝሁትን ብጣሽ አውጥቼ በዚያ ላይ አሳያለሁ፣ ጨርቁ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም።

ማስፈታትን በተመለከተ ልለይ። ስፌቱ የልብሱን ልክ የሚለውጥ ወይም ቀጣዩን ሥራ የሚያበላሽ ከሆነ ይፈታ፤ ለዓይን ብቻ ጥቂት የተጠማዘዘ ከሆነ ይለፍ፣ ቀኑ ይጻፍበትና ይቀመጥ። አፈታቱንም እንደ አንድ ትምህርት ያስተምሩት። በየአራት አምስት ስፌቱ አንዱን በምላጭ ሳይሆን በስለታም መቀስ ጫፍ ይቁረጡ፣ ከዚያ ጨርቁን ገልብጠው የሌላውን ወገን ክር ቢስቡት በሙሉ ይወጣል። ጨርቁን ግራና ቀኝ በጉልበት የሚተረትር ተማሪ ቀዳዳዎቹን ያሰፋቸዋል። ፈትቶ ሲያበቃ ካውያ ይንካው፤ የድሮው ቀዳዳ ይከደናል። በነገራችን ላይ፣ ካውያ የመጨረሻ ቀን ዕቃ ብቻ አይምሰልዎ፤ እያንዳንዱ ስፌት ሌላ ስፌት ሳያቋርጠው መተኮስ አለበት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ልጄ ወንድ ነው፤ ስፌት መማር ፈልጎ ጓደኞቹ ይስቁበታል።

መልስ፦ መርካቶ ይውሰዱትና በየበረንዳው መኪና ላይ የተቀመጡትን ይቁጠር። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ በአገራችን ሸማኔውም ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው ወንድ ነው።

ጥያቄ (ከአርባ ምንጭ)፦ መርፌ በየስንት ጊዜው ይቀየር? መኪናስ መቼ ዘይት ይቀባ?

መልስ፦ መርፌው ከስምንት ሰዓት ያህል የመስፋት ሥራ በኋላ፣ ወይም ጨርቁን ሲወጋ «ጧ» የሚል ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ይቀየር። የተሰበረ መርፌ ስብርባሪ ተፈልጎ እስኪገኝ ማንም ከቦታው አይነሣ። ዘይቱ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፣ የምግብ ዘይት ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ ይደርቃል። በየቀኑ የሚሠራ መኪና በሳምንት አንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ ከቦቢኑ ቤት ብናኙ በብሩሽ ተጠርጎ፣ በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠብታ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የተማሪ ሥራ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ክንድ ያህል ብጣሽ ይሰፋበት፤ ትርፉን ዘይት እሱ ይጠጣዋል።